በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ፋንታ ስለተሰጠችኝ ብስክሌት

ለክቡር አቶ ካሎያን ፓንዴቭ
የጎርና ስካላ ከተማ ምክትል ከንቲባ እና የንጹሕ መጓጓዣ ፕሮጀክት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በየማለዳው ከማዘጋጃ ቤቱ በር የሚያደርስዎ ጥቁር መኪና ሁላቸውም ደኅና ናቸው? ጉልበትዎስ? ጉልበትዎን ነጥዬ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የርስዎ ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ በታችኛው ሰፈር ሰውና ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጉልበት ነው፤ የልጅና የቤት ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በበኩሌ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እያነከስኩም ቢሆን፣ ይህን ደብዳቤ ተቀምጬ ለመጻፍ በቅቻለሁ።

ስሜ ቬሊን ያናኪዬቭ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማችን ባቡር ጣቢያ በድምፅ ማጉያ የባቡሮችን መምጫና መሄጃ ሳሳውቅ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ክቡርነትዎ በልጅነትዎ በእናትዎ እጅ ተይዘው ጣቢያው ላይ ሲቆሙ «ወደ ፕሌቨን የሚሄደው ባቡር ከሦስተኛው መስመር ይነሣል» ያለዎት ድምፅ የኔ ነበር። ስለዚህ ፈጽሞ የማንተዋወቅ ሰዎች አይደለንም፤ እርስዎ ባያውቁኝም ድምፄን ሰምተው ታዘውልኛል፤ እኔም ዛሬ እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ታዝዣለሁ።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ አደራ። ቀደም ብዬ በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ አልታወቀም። ፖስተኛው ያንኑ የርስዎን ብስክሌት ገዝቶ ዳገቱ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ብቻ ነው ሌላ መንገድ የፈለግኩት።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በግማሽ ዋጋ እንድንገዛ ፈቀዱልን። አደባባይ ላይ ባንድ ተጫወተ፣ እርስዎም ሪባን ቆረጡ፣ ለእያንዳንዳችንም አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ ከትከሻችን ላይ በገዛ እጅዎ ጣል አደረጉልን። በነሐሴ ደግሞ ከሰፈራችን ተነሥቶ ቦሮቪና ኮረብታ ላይ የሚወጣውን ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ አነሡ። ለዚህኛው ባንድ አልመጣም።

ቦሮቪና ላይ ከጥዱ ሌላ ያለው አንድ ሕንፃ ብቻ ነው፤ እሱም የአረጋውያን መኖሪያው ነው። ባለቤቴ ኔቬና እዚያ ከገባች ሁለት ዓመት አለፋት። ምድጃ ለኩሳ መርሳት ጀመረች፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም ረሳች፤ በመጨረሻም ቤታችን ሳሎን መሀል ቆማ «የቤቱ ባለቤቶች መቼ ይመጣሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጉብኝት ሰዓት ከቀኑ አሥር እስከ አሥራ አንድ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በር አይከፈትም። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር ቢኖር ያቺን አንዲት ሰዓት ከሚስቴ አጠገብ መቀመጥ ነው። ታክሲ በየቀኑ የኔ ጡረታ አይችለውም። ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኳቸውን ነገሮች ይህን እያሰቡ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት አሳብ ያለው ሌላ አንባቢ ካለም አብሮ ቢያነብ አይከፋኝም።

አንደኛ፤ ስለ ክብደቷ። «ቪሁር»፣ ማለትም አውሎ ነፋስ፣ ብለው የሰየሟት ሰው አንሥተዋት እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። ሃያ ስምንት ኪሎ ትመዝናለች። በውድ ብስክሌቶች ላይ ባትሪው እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣና ሰው በእጁ ይዞት ቤቱ ይገባል፤ በኛ ግን ባትሪው አጥንቷ ውስጥ ተቀብሯል፤ ባትሪውን ቤት ማስገባት የፈለገ ብስክሌቷን በሞላ ማስገባት አለበት። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። የሕንፃችን ሊፍት ከቆመ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አንከራከርበትም። ብስክሌቷን ምድር ላይ፣ ከደረጃው ሥር አቁሜ ቻርጅ ላደርጋት ሞክሬ ነበር፤ የሕንፃችን አስተዳዳሪ ወይዘሮ ስታኒሚራ ግን በማግሥቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። «እሳት» የምትለዋን ቃል በቀይ ነው የጻፈቻት። ላስረዳት ብሞክር፣ ክንዷን አጣጥፋ፣

«ጋሽ ቬሊን፣ እኔ እርስዎን ጠልቼ አይደለም፤ ግን ተኝቼ መቃጠል አልፈልግም። እነዚህ ርካሾቹ እንደ ርችት ነው የሚፈነዱት አሉ። ቤትዎ አስገብተው ይሰኳት፤ ከተቃጠሉም በርዎን ዘግተው ይቃጠሉልኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ራሴ አስተዳዳሪ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ሃምሳ አራት ደረጃ ተሸክሜያት እወጣለሁ፤ በማግሥቱ ሃምሳ አራት ደረጃ ተሸክሜያት እወርዳለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰዎች እንዳርፍበት ወንበር አውጥተው አስቀምጠውልኛል። መኝታ ቤቴ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ እሱም ያለው ከአልጋው በስተግራ፣ በኔቬና በኩል ነው። ክቡርነትዎ ለዚህ ላቀርብልዎ የሚገባኝን ምስጋና ቃላት አጥቼለታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለምትሄደው ርቀት። ሣጥኗ ላይ በትልቁ «ስልሳ ኪሎ ሜትር» ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈ ቁጥር ማመን የሥራ ልማዴ ስለሆነ አመንኩ። ኋላ ላይ ሻጩ በጨዋ ደንብ እንዳስረዳኝ፣ ስልሳው የተለካው ስልሳ ኪሎ በሚመዝን ሰው፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ ያውም በሞቃት ቀን፣ ያውም ሰውየው ራሱ ፔዳሉን አጥብቆ እየመታ ነው። እኔ ዘጠና አንድ ኪሎ ነኝ። በጎርና ስካላ ደግሞ ሜዳ የሚባል አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ የእግር ኳስ ሜዳው። እሱም ያዘነበለ ስለሆነ በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ዳገቱ የሚጫወተው ሁልጊዜ እንግዳው ቡድን መሆኑን ክቡርነትዎ ከተከበሩት እንግዶች ወንበር ላይ ሆነው ያዩታል። በኛ መንገድ ስልሳው ሃያ ሁለት ይሆናል። ጥር ላይ ብርዱ ሲጠና አሥራ ሁለት ሆነ። ባትሪ ብርድ እንደማይወድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ብርድስ እኔም አልወድም፤ ግን በብርድ ምክንያት መንገድ መሀል ላይ ቆሜ አልሄድም ብዬ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዳገቱ። የሞተሯ ጉልበት ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ሕግ አይፈቅድም ተብያለሁ። ሕግ አከብራለሁ። ቦሮቪና ግን ሕጉን የሰማች አትመስልም። እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ሞተሯ እያቃሰተም ቢሆን ታግዘኛለች። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ልክ ከምንጩ አጠገብ፣ ትሞቅና ቀጥ ትላለች። ከዚያ በኋላ ብስክሌት ነጂ መሆኔ ይቀርና ሃያ ስምንት ኪሎ ብረት ወደ ተራራ የሚገፋ ሽማግሌ እሆናለሁ። ምንጩ ላይ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች አይተውኝ አዝነው «ጋሽ ቬሊን፣ እኛ እኮ መጀመሪያውኑ ባልዲ ነው የገዛነው!» ይሉኛል፤ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። እኔ ጥሩ ቀን ከዋለልኝ በአርባ አምስት ደቂቃ እደርሳለሁ። መንገዱ በረዶ ሲሆን ግን ጭራሽ አልደርስም። በታኅሣሥና በጥር ሃያ ስድስት ቀን ከምንጩ ተመልሻለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ፍሬኗና ስለ ጥገናዋ። ወደ ላይ የማትወጣ ነገር ወደ ታች አትወርድም ብሎ ማሰብ የኔ ሞኝነት ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኗ ከማቆም ይልቅ መጮኽ ይቀናዋል፤ ለዚህም ባለውለታዬ ናት፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከመንገድ ገለል ስለሚልልኝ። የፍሬን ሸራዋ በሦስት ሳምንት አለቀ። ገበያው ጥግ ብስክሌት የሚጠግነው ፔንኮ የጉርምስና ጓደኛዬ ነው፤ እየገፋሁ ስመጣ ከሩቅ አይቶ እጁን አወራጨ፤

«በማርያም ይዤሃለሁ ቬሊን፣ ይቺን አምጥተህ አታሳየኝ! ሞተሯ ከየት እንደመጣ አይታወቅ፣ ገመዷ ሌላ፣ ብሎኗ ሌላ፣ አንዱም ከኔ መፍቻ ጋር አይገጥምም። ፍሬኗን እቀይርልሃለሁ፤ ለቀረው ቄስ ዘንድ ውሰዳት።»

በኅዳር የባትሪውን መጠን በምታሳየው ትንሽ መስታወቷ ላይ «ስሕተት ሰባት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መመሪያው መጽሐፍ የሚያውቀው እስከ ስሕተት ስድስት ድረስ ነው። የዋስትናውን ስልክ ብደውል አንዲት ትሑት ሴት ልጅ መለዋወጫው ታዝዞ እስኪመጣ አሥራ አራት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያው ግን ብስክሌቷን እንዳልነዳት ነገረችኝ። ነዳኋት። ምን አማራጭ ነበረኝ?

አምስተኛ፤ ስለ ዝናብ። የዋስትናው ወረቀት «ዝናብ እንዳይነካት» ይላል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ስለ ስርቆት ግን ፈጽሞ ቅሬታ እንደሌለኝ እንዲታወቅልኝ እወዳለሁ፤ ሚዛናዊ ሰው ነኝ። የጎረቤቴ የጋሽ ድራጎይ «ቪሁር» በመስከረም ከበራቸው ላይ ተሰርቃ ነበር። በማግሥቱ ጧት እዚያው ቦታ ላይ ቆማ ተገኘች። ሌባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ገፍቷት ኖሯል፤ ጎማዋ ላይ ያለው ጭቃ ይመሰክራል። ጋሽ ድራጎይ ከዚያ ቀን ጀምረው ልብስ ያሰጡባታል።

ስድስተኛ፤ ይህኛው ነጥብ ስለ ብስክሌቷ ሳይሆን ስለ አንገታችን ነው።

በሰኔ ወር በንባብ ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ውይይት እንደጠሩን ያስታውሳሉ። ከውጭ አገር የመጡ አማካሪ ከጎንዎ ተቀምጠው ነበር፤ ረጅም፣ ትሑት፣ ውኃ እንኳ ሲጠጡ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው። ቋንቋችንን ስለማያውቁ ዓይናቸውን ተክለው ፊታችንን ይመለከቱ ነበር። ክቡርነትዎ ተነሥተው «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ብስክሌቶቹ አውቶቡሱን ሊተኩት ይችላሉ?» ብለው ጠየቁ። እኛም እናቶቻችን እንዳስተማሩን ራሳችንን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅን።

እርስዎ የዚህ አገር ልጅ ነዎት። ራስ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ «በፍጹም አይሆንም» ማለት እንደሆነ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ደግሞ «እሺ፣ ይሁን» ማለት እንደሆነ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። በሌላው ዓለም ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው አሉ፤ እኛ ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው። አማካሪው በሰው አገር ያሉ ስለሆኑ አይፈረድባቸውም፤ ቆጠሩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «ሠላሳ ስድስት ነዋሪዎች በሙሉ ልብ ተስማሙ፣ አንዲት ሴት ብቻ ተቃወሙ» ተብሎ ሰፈረ። የተቃወሙት ወይዘሮ ጊንካ ናቸው። ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ የተጠየቀው «ሻይ ይቅረብ ወይ?» መስሏቸው በደስታ ራሳቸውን አወዛወዙ። በከተማችን ታሪክ ለዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ብቻቸውን የቆሙ ሰው ሆነው ተመዝግበዋል፤ ሻዩ ግን አልቀረበላቸውም።

ቃለ ጉባኤው ሲለጠፍ አንብቤ፣ ደሜ ፈልቶ፣ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«አባባ፣ ራስዎን ነቅንቀዋል ወይስ አልነቀነቁም?»

«ነቅንቄያለሁ።»

«ታዲያ!»

«ልጄ፣ አንቺስ አገርሽ የት ነው? አይሆንም ማለታችን እኮ ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ አባባ። ግን ሪፖርቱ የተጻፈው በውጭ ቋንቋ ነው። በውጭ ቋንቋ እሺ ብላችኋል።»

ይህን ስትል ልጅቱ ከልቧ አዝናልኝ ነበር፤ በክፉ እንዳያዩብኝ። ክቡርነትዎንም በዚያው ቀን ደረጃው ላይ አግኝቼዎት ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጋሽ ቬሊን፣ ማኅተም ከተመታበት በኋላ እኔ ምን አቅም አለኝ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር አዘንኩልዎ። ምክትል ከንቲባ አቅም ካጣ፣ ጡረተኛ ምን ብሎ አቤት ይላል? ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሣኝ የርስዎ ማኅተም አይደለም፤ የኔው አንገት ነው። ከነዚያ ሠላሳ ስድስት ራሶች አንዱ የኔ ነበር። ወደ ሚስቴ የሚያደርሰኝን አውቶቡስ በገዛ ራሴ ነቅንቄ አስቀረሁት፤ ያውም ከሁሉ አብልጬ፣ ተነሥቼ ቆሜ ነው የነቀነቅኩት።

ሰባተኛ። ለዚህኛው ርዕስ አጥቼለታለሁ፤ ቁጥር የሰጠሁትም ሥርዓት እንዳይጓደል ብዬ ነው።

ኔቬና ፊቴን ከረሳችው ቆይታለች። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ አላለቀስኩም፤ ምክንያቱም አንድ ነገር አልረሳችም ነበር። አውቶቡሱ ሳይቀር በፊት፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሲስተር ዳፊናን መስኮቱ አጠገብ እንድታስቀምጣት ትጠይቃታለች። ሰማያዊው አውቶቡስ ጥዱን ዞሮ ብቅ ሲል «መጣ! ቬሊን መጣ!» ትላለች። ከዘጠኝ ቁጥር የሚወርደው ሰው ማንም ይምሰል ማን፣ ለሷ ቬሊን ነው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልተከፋሁም። ሰው በፊቱ ታወቀ በአውቶቡሱ፣ ዋናው መታወቁ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን በስስ ቂጣና በአይብ የተጋገረ ባኒፃ እንበላለን፤ የሷን ቁራሽ እየጠቀለልኩ አስይዛታለሁ፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ ስናገር የሰማችኝ እሷ ስለነበረች ተራዋ ደርሷል ብያለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይመልሰኝ ነበር፤ እሷም በመስኮት እጇን ታውለበልብልኝ ነበር።

አውቶቡሱ ከቀረ በኋላ በመጀመሪያው ቀን በብስክሌት ደረስኩ። ሄልሜት አድርጌአለሁ፤ እርስዎ ያለበሱኝን ቢጫ ሰደርያ ለብሻለሁ፤ ባኒፃው እንዳይቀዘቅዝ ከኋላ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ላቤ ይንጠፈጠፋል። በሩ ላይ ስቆም ኔቬና ከእግሬ እስከ ራሴ በትሕትና ተመለከተችኝና፣

«ልጄ፣ ተሳስተህ ነው፤ እኔ ያዘዝኩት ነገር የለም» አለችኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ከተማችን ውስጥ ለየቤቱ ምግብ የሚያደርሱት ልጆች በሙሉ የሚነዱት ይቺኑ ርካሽ ብስክሌት ነው፤ ሰደርያቸውም ያው ቢጫ ነው። በሰባ ሦስት ዓመቴ ያንን ሥራ የጀመርኩ መሰልኳት። ሲስተር ዳፊና ደንግጣ «ወይዘሮ ኔቬና፣ ባልዎ እኮ ናቸው!» ብትላት፣ «ባሌ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በማግሥቱ ዘዴ ያልኩትን ሁሉ ሞከርኩ። ብስክሌቷን ከጥዱ ኋላ ደበቅኳት፤ ሄልሜቱንም ሰደርያውንም አውልቄ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ የድሮው ፌርማታ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ከዚያ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ እየሳቅኩ ተራመድኩ። አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ሰግጋ ከኋላዬ አውቶቡሱን ፈለገች። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን አንጀቴ ተቆረጠ። ይህን በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ እንዲሁ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ተሸነፍኩ። ሰደርያውን ለበስኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩና «ለወይዘሮ ኔቬና ያናኪዬቫ፣ ከባለቤታቸው የተላከ» አልኩ። ፊቷ በራ። ባኒፃውን ተቀብላ አሸተተችው። «ደኅና ነው? ምን ይላል?» አለችኝ። ደኅና ነው አልኳት። «ይበላል?» አዎ፣ ይበላል። ቆርሳ ቀመሰችና ሳቀች፤ «አይ ቬሊን! አይብ ሲቆጥብ ያው ነው እኮ!» እኔም ስለዚያ ስስታም ሰው ትንሽ አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሰው የምታከብር ሴት ስለሆነች፣

«በል ልጄ፣ አታምሽብኝ፤ ሌላም የምታደርሰው ይኖርሃል፤ ሰው ርቦት ይጠብቅሃል» አለችኝ።

ምግብ የሚያደርስ ሰው አይቀመጥም። ወንበር የለውም። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እናቷ የወይን ማሳ፣ ባቡር ጣቢያ ስለተዋወቀችው ባለ ድምፅ ወንድ አይወራለትም። ተቀብሎ አመስግኖ ይሄዳል። አርባ አምስት ደቂቃ ገፍቼ ወጥቼ አምስት ደቂቃ ቆሜ እመለሳለሁ። አንዲት ሰዓቴ አምስት ደቂቃ ሆነች፤ እሷም የኔ አይደለችም፤ በሰው ስም የማገኛት ናት።

ክቡር ሆይ፣ መስመሩ ይመለስልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ማኅተም እንዳለበት አውቃለሁ። የምለምነው ያረጀ አውቶቡስ ነው፤ ባዶውን፣ በቀን አንዴ፣ አሥር ሰዓት ላይ ጥዱን ዞሮ እንዲታይ ብቻ ነው። ከላዩ ዘጠኝ ቁጥር ይጻፍበት። ነዳጅ ከሌለው፣ የታችኛው ሰፈር ሰው መግፋት ለምዷል፤ ገፍተን እናደርሰዋለን። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ፣ ለሚስቴ ባሏ መሆኔን የሚያስረዳልኝ አንድ አማካሪ ከውጭ አገር እንዲያስመጡልኝ እጠይቃለሁ፤ የኛ አገር ሰው ሞክሮ አቅቶታል።

ለሰጡን አየር ንጽሕና፣ ለእግራችን ጡንቻ፣ ለአንገታችን ዝና፣ ይህን ሁሉ ጊዜ መንገድ ላይ እንድናውለው ላደረጉበት አርቆ አስተዋይነት፣ ምስጋናዬ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ይድረስ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሲያረጁም ሰው የሚጠይቅዎ ሜዳ ላይ ያኑርዎ።

የክቡርነትዎ ታማኝ ነዋሪ፣ ትሑት አገልጋይና ላልተጠየቀ ሥራ የተቀጠረ ምግብ አድራሽ፣

ቬሊን ያናኪዬቭ
ታችኛው ሰፈር፣ ጎርና ስካላ
የካቲት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ኔቬና ባኒፃውን ከተቀበለችኝ በኋላ ክንዴን ያዝ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መልእክት ሰጠችኝ። «ልጄ፣ ወደ ከተማ ስትወርድ ባሌን ካገኘኸው፣ አውቶቡሱ መምጣት እንዳቆመ ንገረው። ምናልባት አልሰማ ይሆናል። ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ ብሎ እንዳይነሣ፤ ልቡ ደካማ ነው፣ ሐኪሙ ከልክሎታል። ቀረህ ብዬ አልተቀየምኩህም በለው፤ አውቶቡሱ እስኪመለስ መስኮቱ ላይ ነኝ።» አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ባሏ ዘንድ ደርሷል። አውቶቡሱን የሚመለከተው የመልእክቱ ክፍል ግን የሚደርሰው ለክቡርነትዎ ስለሆነ፣ እነሆ አድርሻለሁ። ስለመረከብዎ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።